የቆረጥኩት የአባትህ ቃል

ቡራዩ፣ ግንቦት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ውድ ነገሳ፣

ሀዋሳ ሥራ መያዝህን ከወንድምህ ከዳዲ ሰማሁ። አድራሻህንም የሰጠኝ እሱ ነው። እንዳልደውል፣ ድምፅህን ስሰማ የምናገረው ሁሉ ይጠፋኛል።

ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተራው ላይ ስቆም አሁንም ዞር ብዬ እፈልግሃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቡራዩ አብረን ተሳፍረን ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ስንሄድ፣ ስለ ባዮጋዝና ስለ ፀሐይ ኃይል ስታወራኝ፣ ግማሹ አይገባኝም ነበር። ድምፅህን ብቻ ነበር የምሰማው። ይህን አንድም ቀን አልነገርኩህም።

ከዚህ የከበደም ያልነገርኩህ አለ።

ኅዳር 2008 ለአረንጓዴ ኢኮኖሚ ፕሮግራማችን መናገሻ እናንተ ቤት ሄደን ነበር። አንተ ጠያቂ፣ እኔ የካሜራ ባለሙያም አርታኢም። አባትህ ኦቦ ገርባ አዲሱን የባዮጋዝ ምድጃ ለኩሰው ሰማያዊ እሳቱን እያሳዩን፣ «ጋዙ ደግ ነው። ባለቤቴ ከጭስ ተገላገለች» አሉ። ቀጠሉና፣ «ግን ጋዙ ከእበት ነው፣ እበቱ ከከብት ነው፣ ከብት ደግሞ መሬት ይፈልጋል። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን መሬታችሁ ወደ ከተማ ይገባል ይሉናል። ያኔ ይሄን ምድጃ በምን አነድደዋለሁ?» አሉ። በአባትህ ስትኮራ ፊትህ ላይ አይቻለሁ።

እሁድ የተላለፈው ግን «ተገላገለች» ላይ አበቃ። ፈገግታቸው ታየ፣ ሙዚቃ ገባበት። በዚያው ሳምንት ተማሪዎች ፕላኑን ተቃውመው ወጡ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ። መንደሩም ፕሮግራሙን አይቶ «ገርባ ከመንግሥት ጋር ቆመ» አለ። ጤፋቸውን ለማጨድ አንድም ሰው ለደቦ አልመጣም። አንተና ዳዲ አራት ቀን ብቻችሁን አጨዳችሁ። ስትመለስ መዳፍህ ተልጦ ነበር።

«ሬሐና፣ ማን ነው የቆረጠው?» አልከኝ።

«አለቃችን፣ አቶ ገብረየስ» አልኩህ።

ቢሯቸው ገብተህ ተጣላሃቸው፤ በዚያው ሥራህን ለቀህ ሄድክ።

ነገሳ፣ እሳቸው አልነበሩም። «ፕሮግራሙ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሁን» ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም። ያንን ቃል ለይቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቢተላለፍ የምንባረር፣ የምንታሰርም መሰለኝ። ስትጠይቀኝ ደግሞ አንተን እንዳላጣ ብዬ ዋሸሁህ። ያም ሆኖ አጣሁህ።

ማስተር ፕላኑ ቀረ ከተባለ ሁለት ዓመት አለፈው፤ የጎረቤቶቻችሁ ኩርፊያ ግን አልሻረም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሙሉውን ቅጂ በላፕቶፕ ይዤ መናገሻ ሄድኩ። አባትህ ጎረቤት ጠሩልኝ። የቆረጥኩት እኔ መሆኔን በሰዉ ፊት ተናግሬ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ሲያልቅ ጎረቤታችሁ እማማ ተስፋነሽ ተነሥተው የአባትህን ትከሻ ሳሙ።

«ይህን ሁሉ ብለህ ነው ዝም ያልከን?»

«ብናገር ማን ሊያምነኝ?» አሉ አባትህ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፈርተሽ ነው?»

«አዎ፣ ኦቦ ገርባ።»

«ሁላችንም ፈርተን ነበር፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ ዕንባዬ መጣ። «የኔን ትቼልሻለሁ። ነገሳ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲህ የሱን እኔ ልተውልሽ አልችልም።»

ይኸው፣ አሁን አወቅክ። ለአቶ ገብረየስም ነግሬያቸዋለሁ። ስልክህን ጠይቀውኝ ነበር፤ ሳላስፈቅድህ አልሰጠኋቸውም።

አባትህ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ታክሲው ሲቆምልኝ፣ «ነገሳ ሲመጣ አብራችሁ ኑ» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ረዳቱ «ግቢ፣ ግቢ» ሲለኝ ገባሁ። ገፈርሳን እስካልፍ አለቀስኩ።

መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው። ቢዘገይም እጠብቃለሁ።

የናፈቅካት፣
ሬሐና