ስሜ ወደ ቀይ ይመለስልኝ

ለምሥራቅ ኮረብታ የሕዝብ መካነ መቃብር አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊ

ኤፕሪል 11 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ በሕይወት ሳለሁ በጥቁር የተቀባው ስሜ ወደ ቀይ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች የሰባ አራት ዓመት ባልቴት ስሆን፣ ባለፈው ሳምንት በቃል ያቀረብኩት አቤቱታ «በጽሑፍ ይምጣ» ስለተባለ፣ ከዚህ በታች የተመለከተውን በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. ባለቤቴ ጌንግ ሹዋንጁ ከስድስት ዓመት በፊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቶ፣ በመካነ መቃብሩ ላይኛው ረድፍ ከጥዱ ሥር አርፏል። ድንጋዩ የሁለታችን ነው። ሹዋንጁ ታሞ ሳለ ቀራጩን ራሱ ጠርቶ ያሠራው ሲሆን፣ እሱ ሲያርፍ እንደ ወጋችን የእሱ ስም በጥቁር፣ የእኔ በቀይ ተቀባ። ጥቁሩ የሄደ ነው፤ ቀዩ ገና ያለ ነው። ልጅ አልወለድንም፤ በመሆኑም የልጆችና የልጅ ልጆች ስም የሚቀረጽበት የድንጋዩ ግራ ጎን ባዶ ነው።

2. ዘንድሮ ከመቃብር መጥረጊያ በዓል በፊት ጽሕፈት ቤቱ የደበዘዙ ስሞችን ሁሉ አስቀብቷል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ አመሰግናለሁም። ይሁንና ቀቢዎቹ እኛ ረድፍ ሲደርሱ ቀዩን ከጥቁሩ ሳይለዩ ሁሉንም አጥቁረውት ሄደዋል። የሌሎቹ ልጆች ስልክ ስለደወሉ ቀቢዎቹ በማግስቱ አስተካክለውላቸዋል። ለእኔ የሚደውል ስላልነበረ እንደጠቆረ ቀረ።

3. በበዓሉ ዕለት ከሊጥ የተሠሩ ትናንሽ ወፎችና አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ይዤ ሄድኩ፤ ሹዋንጁ ያለ ኮምጣጤ እህል አይወርድለትም ነበር። ድንጋዩን ሳይ እዚያው ቁጭ አልኩ። ከጎናችን ያለውን መቃብር ሲጠርጉ የነበሩ አንዲት ሴት መጥረጊያቸውን እንደያዙ መጥተው ድንጋዩን አነበቡ። «ምስኪኖች፣ ተከታትለው ሄዱ። ልጅ እንኳን አልተዉም» አሉ። ቀጥለውም «እርስዎ ምናቸው ነዎት?» ብለው ጠየቁኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ «ጎረቤት ነኝ» የሚል ነበር። «ደግ ነዎት፤ በዚህ ዘመን ለጎረቤት ማን ይመጣል?» አሉና አንድ መንደሪን ከስሜ ሥር አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ለእኔ የመጣ ስለሆነ ልጬ በላሁት። ግማሹን ለሹዋንጁ ተውኩለት።

4. በማግስቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቀርቤ ወይዘሪት ዩዌ የተባለችውን ሠራተኛ አነጋገርኩ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ወንበርና ሙቅ ውኃ ሰጥታኛለች። መታወቂያዬን አየችና «እማማ፣ እዚህ ላይ የሚለው ሁዎ ፓንዲ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለችው ዋንቺንግ ማን ናት?» አለችኝ።

«እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

«ፓንዲ መኖርዎን እያየሁ ነው። ዋንቺንግ መሆንዎን ግን ማን ይመሰክርልዎታል?»

«ምስክሬ እዚያው ድንጋዩ ሥር ተኝቷል» አልኳት። ሳቋን በእጇ ከለለች። ከዚያም መፍትሔ ያለችውን ነገረችኝ፤ ዋንቺንግ የሚለው ተፍቆ ፓንዲ ከተቀረጸ ከመታወቂያው ጋር ስለሚስማማ ያኔ ቀይ ይቀባል። ካልሆነ ግን «ለነገሩ መጥቆሩ አይቀርም እኮ እማማ፤ ትንሽ ቢቀድም ምን ይጎዳል?» አለችኝ። ስወጣም «ያው ቀይ አይደል የፈለጉት?» ብላ ስሜን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ። በወረቀት ላይ የሰው ስም በቀይ የሚጻፈው ሞት ሲፈረድበት መሆኑን የዛሬ ልጆች ማን ያስተምራቸው? በአንድ ሳምንት በድንጋይም በወረቀትም መሞት ለአንዲት አሮጊት ይበዛል።

5. ራሴ ቀለም ገዝቼ እንዳልገላገል ደንባችሁ ይከለክላል። ደንቡ ባይከለክልም ሰው የራሱን ስም በመቃብር ላይ አይቀባም፤ የቤተሰብ ሥራ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ስሙ በመታወቂያ የሌለ ሰው ስለምን ይህን ያህል ይሟገታል እንዳይሉኝ፣ ከቁጥሩ ወጥቼ ጥቂት ላስረዳ።

ፓንዲ ማለት ወንድም የምትጠብቅ ማለት ነው። ለአባቴ ሦስተኛ ሴት ልጅ ነበርኩ። የወጣልኝ ስም ለእኔ ሳይሆን ከኋላዬ ለሚመጣው ነበር፤ እሱም በአራተኛው ዓመት መጣ፣ ሰፈሩም በደስታ ሰከረ። ስሜ ሥራውን ጨረሰ፤ ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ እንዳልተነሣ መወጣጫ እኔው ላይ ቀረ። ወንድሜ ዛሬ ደቡብ ነው የሚኖረው። በአዲስ ዓመት ይደውልና «ሦስተኛ እህቴ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል። ደህና ነኝ እለዋለሁ።

ሹዋንጁም ቢሆን ስሙን የተሸከመው ስለ ሌሎች ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች የሞቱባት እናቱ ይሄኛው እንዳይሄድባት ከካስማ የታሰረ ብላ ጠራችው። ገመዱ ሰባ አንድ ዓመት ያዘ። ሴትዮዋ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጎበዝ አሳሪ ነበረች።

ስንተዋወቅ በጥጥ ፋብሪካችን በር ላይ ብስክሌት ይጠግን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ፣ ፈረቃችንን ጨርሰን ስንወጣ ሰማዩ ወለል ብሎ ነበር። ጎማዬን እየለጠፈ ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ወንድምሽን ጠበቅሽ፤ አንቺንስ ማን ጠበቀሽ?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

«እንግዲያው እኔ እጠብቅሻለሁ» አለና ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ «ዋንቺንግ» ብሎ ጠራኝ። ከዝናብ በኋላ አመሻሽ ላይ የሚወጣ ብራ ማለት ነው። ለሌላ ሰው ማዘጋጃ ያልሆነ፣ የራሴ ብቻ የሆነ ነገር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረቃዬ ባለቀ ቁጥር በሩ ላይ ይጠብቀኛል። አንድ የብርድ ሌሊት ማሽን ተበላሽቶ እስኪነጋ ሠርተን ስወጣ፣ ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሮ እዚያው ቆሞ አገኘሁት። «ለምን ወደ ቤት አልገባህም?» ስለው «ሳትወጪ?» አለኝ።

እርስዎም እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ታናሽ የታላቁን ስም አይጠራም። ስም የሚጠራው ወይ ታላቅ ነው ወይ እኩያ። የእኔ ታላላቆችና እኩዮች ሁሉ ከመሬት በታች ናቸው። ለሰፈሩ በባለቤቴ የቤተሰብ ስም እማማ ጌንግ ነኝ፤ ለሐኪም ቤቱ የአርባ ሁለት ቁጥር ታማሚ ነኝ። ዋንቺንግ ብሎ የሚጠራኝ ድምፅ በጆሮዬ ከሰማሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ወር በገባ ቁጥር ወጥቼ ቀዩን ስሜን አነበው ነበር። ብቸኛ ነኝ፤ ይህን ለመንግሥት ቢሮ መጻፍ ደንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። ሹዋንጁ ጥቁሩን ስም አይቶ «መጣች» እንዳይል እፈራለሁ። እንዲህ ካለ፣ በር ላይ ወጥቶ ይቆማል። እኔ ደግሞ ገና ነኝ፤ ሐኪሙ ልብዎ የወጣት ልብ ነው ብሎኛል። ሰውየው አንዴ ከቆመ እንደማይገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለሆነም፦

ሀ) ዋንቺንግ የሚለው ስሜ ሳይፋቅና በሌላ ሳይተካ ወደ ቀይ እንዲመለስልኝ፤ ጊዜዬ ሲደርስ ያለ ማመልከቻ ማጥቆር ትችላላችሁ፤

ለ) ወይዘሪት ዩዌ ቅጣት እንዳይደርስባት፣ ቀዩ እስክሪብቶ ግን እንዲወሰድባት፤

ሐ) ቀቢው ሥራውን ሲጨርስ ስሜን አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲጠራው። የምጠራበት ቀን ይነገረኝ፤ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ቀቢው ታናሽ ስለሚሆን የአሮጊት ስም መጥራት ነውር ነው ብሎ ያፍር ይሆናል። እኔ ፈቅጄለታለሁ። ሲጠራኝ «አቤት» እላለሁ፤ ሹዋንጁም ድምፄ ከየት በኩል እንደመጣ ሰምቶ ወደ ቤት ይገባል።

በሕይወት ካለ ሰው ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ዋንቺንግ
በመታወቂያ ሁዎ ፓንዲ