የማውለቂያዋ ክፍል አለቃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ሚጢጢዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔንም በቀን ሁለቴ ሙቀቴን እየለኩ ይነግሩኛል። ለምን እንደሚለኩኝ እደርስበታለሁ፣ አትቸኩይ።

በስልክ «ሆስፒታል መጥረግ ይብቃሽ፣ እማ» ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣም። መጥረግ ብቻ መሰለሽ? ይህ በሽታ ከገባ ወዲህ እናትሽ የማውለቂያዋ ክፍል አለቃ ናት! ከበሽተኞቹ ጋር የዋለ ሁሉ መከላከያ ልብሱን የሚያወልቀው እኔ ፊት ቆሞ ነው። ቫይረሱ ልብሱ ላይ ስላለ፣ ቅደም ተከተሉን የሳተ ራሱን ይበክላል። ስለዚህ እኔ አዛለሁ፣ እነሱ ይታዘዛሉ። «ጓንትዎን ይታጠቡ። ጋዋኑን ቀስ ብለው። አሁንም ይታጠቡ።»

ባለፈው ዋናው ሐኪም፣ ያ ቁጡው፣ ደክሞት ኖሮ ሳይታጠብ እጁን ወደ ጭምብሉ ሰደደ። «ቁም!» አልኩት። አንተ ብዬ እኮ ነው! እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ አየኝና «እሺ፣ እናቴ» ብሎ ታጠበ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ «እሷ ሳትፈቅድ ማንም አይወጣም» አለ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ቤት የገባሁት።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ። የዛሬ አሥራ ስምንት ቀን የበሽተኛ አልጋ አጽድቼ ሳወልቅ፣ ጓንቴ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዶ አየሁት። የምትጠብቀኝ ነርስ መዝገብ ላይ አቀርቅራ ነበር። ማንም አላየኝም። ጥቅልል አድርጌ ብጥለው ያልፍ ነበር፤ ቤት ደግሞ እህትሽ ከአራስ ልጇ ጋር ትጠብቀኛለች። ሰውን ሁሉ ቁም ስል ከርሜ እኔ ልለፍ? «ጓንቴ ተቀዷል!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ። በሽታው ይዞኝ ከሆነ እስከ ሃያ አንድ ቀን ድረስ በትኩሳት ይታወቃል፤ ሦስት ቀረኝ። ወረቀቱ ከዚህ ስለማይወጣ ነርሷ በመስታወቱ በኩል ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ያ ቁጡው ሐኪም በየጠዋቱ መስታወቱ ጋ ይመጣና የታጠቡ እጆቹን እንደ ልጅ ገልብጦ ያሳየኛል። ያስቀኛል።

ዛሬ ጠዋት ነርሷ ለካችኝ፤ ደግማም ለካችኝ። መሣሪያው አርጅቶ ይሆናል።

አራሷ ደህና ናት፣ ሕፃኑም ወፍሯል አሉኝ። ከበሽተኞች ጋር ውዬ ስለምገባ፣ እኔ አቅፌው አላውቅም። አደራ፣ ሲያድግ ለምን እንዳላቀፍኩት አንቺ ንገሪው።

ሥራሽ ይቃናልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ፣ አለቃዋ