የአባባ ስምንት ትርፍ ዓመታት

ይድረስ ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ያንተን ጤና፣ የባለቤትህን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ ባለፈው ያማረረህን የወገብህንም ጤና ለየብቻ እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን። አባባማ ከደህናም አልፈው የሐኪሞች መነጋገሪያ ሆነዋል፤ በእሳቸው ደህንነት እኔ ልታመም ነው።

እዚህ ሆስፒታል ስለ እርጅና የሚያጠኑ ሐኪሞች እንዳሉ በስልክ ነግሬህ ነበር። ድካማቸው ሰው ዕድሜው እንዲረዝም ብቻ አይደለም፤ በረዘመው ዕድሜ በገዛ እግሩ እንዲቆም ጭምር ነው። ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ያለ እጅ ድጋፍ ከወንበር መነሳት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ደረጃ መውጣት ያለማምዷቸዋል፤ ከዚያ ጉልበታቸውን ይለካሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ሠርቷል። ድሮ ደረጃውን በእኔ ትከሻ የሚወጡት አባባ ዛሬ ከላይ ሆነው «ምን ትንፏቀቂያለሽ?» ይሉኛል።

ታዲያ የምትለካቸው ሐኪም ውጤታቸውን አይታ «በሰባ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ጉልበት አይቼ አላውቅም» ብላ ባልደረቦቿን ጠራች። አባባም እንደ ሙሽራ ተቀምጠው ተጎበኙ። ቤት ገብተን ይህን ስናወራ እማማ ሽንኩርታቸውን እየላጡ «የምን ሰባ ዘጠኝ? ሰባ አንድ ነው!» አሉ። ለካ ድሮ ወደዚህ ሰፈር ስንገባ፣ በሽምግልና ላይ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በታላቅነቱ ቀድሟቸው እንዳይናገር ስምንት ዓመት ከኪሳቸው ጨምረው ኖሯል! ሰው ዕድሜውን ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል? ልብስ ሰፊውም እዚያው ጥናት ውስጥ አለልህ። ምስኪን፣ በእውነተኛ ሰባ አምስት ዓመቱ እያላበው «ታላቄ እንዲህ ሲዘሉ እኔን ምን ነካኝ?» እያለ ራሱን ይረግማል።

«አባባ፣ ለሐኪሟ እውነቱን ይንገሯት» ብላቸው «ስምንት ዓመት ምን አላት? ለጥናቷ ምርቃት ነው» አሉኝ። ምርቃት! ነገ በዚህ ውሸት ተመክሮ የሌላ ሰው አባት በአንድ እግሩ ቆሞ ቢሰበርስ? ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ኩራት ብቻ መስሎኝ ነበር። ትናንት ግን ከወንበሩ እየተነሱ እየተቀመጡ ሲለማመዱ፣ ድንገት ተቀምጠው ቀሩ። «ወንድምሽ ‹ሰማንያ ሲሞላዎት እመጣለሁ› ብሎኛል» አሉ። «ሰባ አንድ ነኝ ካልኩ ሌላ ዘጠኝ ዓመት ልጠብቀው ነው?»

አየህ ወንድም ጋሼ፣ እኔ ከአባባ ጋር ስነታረክ ጥናቱን የሚያበላሸው ለካ ያንተ ቃል ነው። ረቡዕ እንደገና ይለካሉ። ከዚያ በፊት ደውልና የመምጫህን ቀን ቁረጥላቸው፤ ዕድሜ የሚባል ነገር እንዳታነሳ። እሳቸውን ወስጄ ሐኪሟ ፊት ማናዘዙን ለእኔ ተወው።

ለባለቤትህ፣ ለትልቋ ልጅህ፣ ለዚያ ለአልጋ ሰባሪውም ልጅህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማማ አገላብጠው ይስሙሃል። አባባ ይህን ስጽፍ በሩ ላይ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። «አረፍ ይበሉ እንጂ!» ብላቸው «ሲመጣ ቁጭ ብዬ ልቀበለው ነው?» አሉኝ።

እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ጥቅምት 12 ቀን