ተተኪውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ስላመጣው ባለቤቴ

ለክቡር ሚስተር ሬጂናልድ ሃስከል
የኮሌጃችን የስፖርት ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በመጨረሻው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከክብር ወንበርዎ ተነሥተው ሲያጨበጭቡ ፊትዎ ወዛም፣ ትንፋሽዎም ሙሉ ሆኖ በማየቴ ደስ ብሎኛል። እኔ የረዳት አሠልጣኙ የዌንዴል ፕሩዶም ባለቤት ኮሪን ነኝ፤ ባያስታውሱኝ፣ በገና ግብዣ ላይ አስተናጋጅ መስዬዎት ካፖርትዎን ያስያዙኝ ሴት ነኝ።

ባለቤቴ እዚህ ክብር ላይ የደረሰው የተጫዋቾችን ፎጣ ከማጠብ ተነሥቶ፣ ምድር ቤት ውስጥ የጨዋታ ቪዲዮ ሲቆራርጥ ወጣትነቱን ጨርሶ፣ ከዚያም በየእናቶች ማእድ ቤት ተቀምጦ "ልጅሽን እንደ ልጄ አየዋለሁ" እያለ ተጫዋች ሲመለምል ኖሮ ነው። ዋና አሠልጣኝ በተባረረ ቁጥር ረዳቶቹም አብረው ስለሚባረሩ ከከተማ ከተማ ስንጓዝ፣ የዕቃ ካርቶኖቻችንን መጣል ከተውን ቆየን። ስለዚህ የማቀርበው ምስጋና ከልምድ የመነጨ መሆኑን ይረዱልኝ።

አንደኛ፣ በጃንዋሪ ዋናውን አሠልጣኝ አሰናብተው ባለቤቴን ኮሪደር ላይ አቅፈው "ዌንዴል፣ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ! እስከ ውድድሩ ማብቂያ ቡድኑን ያዝልኝ፣ የቀረውን ለኔ ተወው" ስላሉት አመሰግናለሁ። በዚያው ሳምንት የልቡ ቫልቭ ሊቀየርለት ቀጠሮ ነበረው። እርስዎም ያውቁ ነበር፤ ነግሮዎታልና። እሱ ግን በውድድር መሐል ቡድን ጥሎ መሄድ ነውር በሆነበት ሙያ ያደገ ሰው ስለሆነ ቀዶ ሕክምናውን ወደ ኤፕሪል አዘዋወረው። ሐኪሟ "ሚስተር ፕሩዶም፣ ልብዎ የጨዋታ ፕሮግራም አያውቅም" ብትለው "ሁለት ወር ከምናምን ናት፣ ዶክተር፤ ምንም አልሆንም" ብሎ አሣቃት። እኔን አላሣቀኝም።

ሁለተኛ፣ ያ ተስፋ የቆረጠ ቡድን ማሸነፍ በጀመረ ማግሥት ሌላ ሰው ቀጥረው፣ አዲሱን አሠልጣኝ ከአውሮፕላን ማረፊያ የማምጣቱን ክብር ለባለቤቴ ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ። ልማዱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥራውን ያጣው ረዳት ሥራውን ያገኘውን ሰው ፈገግ ብሎ ይቀበላል። እንግዳው ግን ሾፌር መስሎት ከኋላ ወንበር ተቀመጠና "ስማኝ ወንድም፣ ያ ለጊዜው ቡድኑን የያዘው ሰውዬ እንዴት ነው? ይረባል?" አለው። ባለቤቴ ውሸት ስለማያውቅበት "ልጆቹ ይወዱታል፤ ልቡን ግን ትንሽ ያመዋል" ብሎ መለሰለት። "ተወዋ! በሽተኛ ምን ያደርግልኛል? የራሴን ሰዎች ነው የማመጣው" አለ እንግዳው። ከዚያም ባለቤቴ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ የተከለከለው ሰው፣ ሻንጣዎቹን እስከ ሆቴሉ ክፍል ድረስ ተሸከመለት። ቤት መጥቶ ይህን እየሣቀ ሲነግረኝ ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር፤ እኔም የያዝኩትን ሳህን መሬት ላይ ፈጠፈጥኩት።

ሦስተኛ፣ የሠራተኝነቱ የጤና ኢንሹራንስ በማርች መጨረሻ ቀን እንደሚቋረጥ ስላስታወቁን አመሰግናለሁ። ቀዶ ሕክምናው ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ነው። ቢሮዎ ደውዬ ሁለት ወር ብቻ እንዲያራዝሙልን ብለምን፣ ጸሐፊዎ በጣም በለሰለሰ ድምፅ "ምን ላድርግሽ እናቴ፣ ደንቡ ነው፤ አዲሶቹ ሲገቡ የድሮዎቹ ይወጣሉ" አለችኝ። ተሸንፎ የተባረረው ዋና አሠልጣኝ ግን ውሉ እስኪያልቅ ኢንሹራንሱ ሳይነካበት ፍሎሪዳ ዓሣ ያጠምዳል። ባለቤቴም ባያሸንፍ ኖሮ ሳይሻለው አይቀርም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ሹመቱን አልጠይቅም፤ ለአዲሱ ሰው ይሁን። የምጠይቀው ሕክምናው እስኪያልቅ ኢንሹራንሱ እንዲቀጥል አንድ ፊርማ ነው። ፈርቻለሁ። ማታ ማታ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነው የማድረው፤ ይህን በጋዜጣ የጻፍኩትም በርዎን አንኳኩቼ ስለታከተኝ ነው።

ለቤተሰብነትዎ ከልብ የምታመሰግን፣ ለጤናዎ ሳታቋርጥ የምትጸልይ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ድረስ የኮሌጅዎ ቤተሰብ የሆነች፣

ኮሪን ፕሩዶም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለዓመቱ መዝጊያ የእራት ግብዣ የላኩት ጥሪ ደርሶናል። ዌንዴል መድረክ ላይ ቆሞ አዲሱን አሠልጣኝ ለደጋፊዎች እንዲያስተዋውቅ መጠየቅዎን አይቶ፣ እምቢ ማለት አያውቅበትምና ሸሚዙን ከወዲሁ ተኩሷል። ግብዣው ግን ኤፕሪል ሁለት ላይ ሆነብን። እባክዎ ጥቂት ቀን አስቀድመው በማርች ያድርጉልን፤ መድረክዎ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ የኢንሹራንስ ካርዱ በሚሠራበት ቀን ይውደቅልኝ።