ያልተከፈተ ቅባት

ቨርደን፣ ቤይሩት
ሰኞ፣ ግንቦት 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

ዛሬ ጠዋት ማዳሜ ሳህኔን፣ ብርጭቆዬንና ማንኪያዬን በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጋባቸው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ለብቻቸው አስቀመጠቻቸው።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማማስ እንዴት ናት? ልጆቹ ፈተና ጨረሱ? ለእማማ ሰላምታዬን ብቻ አንብቢላትና ደህና ናት በያት። የቀረውን ለብቻሽ ያዢው።

ነገሩ የፊቴ ነው። በመጣሁ በወሩ ግንባሬና ጉንጬ ብጉር በብጉር ሆነ። እኛ ሰፈር ቢሆን ባል ፈለገች ተብሎ ተስቆብኝ ያልፍ ነበር። ማዳሜ ግን ቆሻሻ ነው፣ ይጋባል አለች። በቀን አምስት ጊዜ በልብስ ሳሙና ታጠቢ አለችኝ፤ ታጠብኩ፣ ባሰ። ሎሚ ቀብታ በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታችኝ፤ ቆዳዬ ተላጠ። ቀጥላ ጥብስ ከለከለችኝ፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ቸኮሌት፤ በዚህ ቤት ቸኮሌት ቀምሼ የማውቅ ይመስል።

ባለፈው ሳምንት የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ግንባር ላይ ሦስት ብጉር ብቅ አለ። ማዳሜ ጮኸች። ከዚህች ነው የተጋባባት፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ መክተብ ትመለስ አለች። መክተብ የሚሉት ባውሽሪዬ ያለውን፣ እኔን ያስመጣኝን ቢሮ ነው። ያልወደዱትን ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ መልሰው ሌላ መውሰድ ይችላሉ። የእኔ ሦስት ወር ቅዳሜ ይሞላል።

ዓርብ ዕለት ሁለታችንንም ይዛ ከሕንፃው ሥር ወዳለው ፋርማሲ ወረደች። ፋርማሲስቱ ሽማግሌ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝና፣ ማዳም፣ ይኼ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ቆሻሻም አይደለም አላት። የዕድሜና የቆዳ ወዝ ነገር ነው፣ ልጅሽ ደሴት ላይ ብቻዋን ብታድግም ይወጣባት ነበር አለ። ለእኔ ደግሞ ቀስ እያለ፣ በቀን ሁለቴ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ አትፈትጊው፣ አታፍርጪው፣ ዘይትነት ያለው ነገር አታስነኪው አለኝ። አንድ ቱቦ ቅባትም ሰጠኝ። ጨርሶ ለመጥፋት ሁለት ወር ይፈጃል፣ እብጠቱ ግን በሳምንት ይቀንሳል አለ።

ስንመለስ ማዳሜ፣ ያኒ እሱ ስለ ቆዳ ምን ያውቃል፣ የራሱ ፊት እንደ ደረቀ ቴምር ሆኖ አለች። ልጇ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ እስከ ቅዳሜ እብጠቱ ከቀነሰ ትቀሪያለሽ፣ ካልቀነሰ ያላ፣ ወደ መክተብ አለችኝ።

እታለም፣ ቅባቱ ከነማሸጊያው ፍራሼ ሥር ነው። አልከፈትኩትም።

ማዳሜ ከአቢጃን ተመልሶ እዚሁ ቤት የሚኖር ሱሄል የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። እንደመጣሁ ፊትሽ ሐር ነው ይለኝ ነበር። ሳይጠማው ውሃ ልጠጣ እያለ ወጥ ቤት ይገባል። የእኔ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናት፤ ቁልፍ የላትም። አንድ ቀን እጄን ይዞ ሳለ ማዳሜ ከሳሎን ስትጣራ ለቀቀኝ። የፊቴ ብጉር የጀመረው ከዚያ በሳምንቱ ነው። ማዳሜ ምሳ ላይ ይጋባል ስትል እኔ ካቀረብኩት ዳቦ ላይ እጁን አነሳ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገውን ከኮሪደሩ ሆኖ ጮኾ ነው የሚያዘኝ። ወደኔ አትተንፍሺ፣ ያቺ ጨረቃ የት ገባች፣ ሐራም፣ ታሳዝናለች፣ እያለ ይሳለቃል። ይሳለቅ።

ፋርማሲስቱ አታድርጊ ያለኝን ሁሉ አደርጋለሁ። በገላ መፈተጊያ እስኪቀላ እፈትገዋለሁ፣ ድንች የተጠበሰበትን ዘይት እቀባዋለሁ። አንቺ ጤና ጣቢያ ስለምትሠሪ ሐኪሞቹን ጠይቂልኝ፤ ጠባሳው ይቀራል? የሚቀርም ቢሆን ንገሪኝ።

ትናንት ሱሄል ከኮሪደሩ አንድ እርምጃ ገባ አለና ፋርማሲስቱ ምን አለ? አለኝ። ይጋባል አለ አልኩት። እህቴ ምንም አያውቅም ብላ ስትሰድበው ሰማሁ፣ ይጋባል ቢል ኖሮ ለምን ትሰድበዋለች? አለኝ። ዐረብኛው ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል አልኩ። ፈገግ አለ። ሽማግሌው አገሩ ሄዷል፣ ሐሙስ ሲመለስ ወርጄ ራሴ እጠይቀዋለሁ አለኝ።

ዓርብ ማዳሜ ልጇን ይዛ ዘመድ ጥየቃ ዛህሌ ትሄዳለች። የምትመለሰው ቅዳሜ ነው፤ ቤት የምንቀረው እኔና ሱሄል ነን።

አብራኝ የመጣችው ተዋበች ከሁለት ቤት ተመልሳ መክተቡ ወደ ተራራ ልኳታል። የት እንደሆነች የነገረኝ ሰው የለም። ይህን እያወቅሁ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማዳሜ ዘንድ ገብቼ፣ ቅዳሜን አትጠብቂ፣ ሐሙስ ሳይደርስ መልሺኝ አልኳት። ከመጽሔቷ ቀና አለች። መልሺኝ ብላ የለመነችኝ ሠራተኛ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፣ ምን ሆነሻል? አለችኝ። ፊቴ ነው ማዳም፣ ልጅሽ እንዳይብስባት ብዬ ነው አልኳት። መርሲ፣ አመሰግናለሁ አለችኝ። እኔን መርሲ ስትለኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ምትክ ሠራተኛ ካላገኙላት ግን እስከ ቅዳሜ አትለቀኝም።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ያሳደገን አምላክ ደጃችሁን ይጠብቅ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ እኔንም በጸሎታችሁ አትርሱኝ። ማዳሜ ነገ መክተብ ትደውላለች፤ ያሉትን የምትነግረኝ ረቡዕ ጠዋት ነው።

ታናሽ እህትሽ