በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለተለጠፈው አማካይ ደማችን

ለተከበሩ የባትሪ ፋብሪካችን የሠራተኞች ጤናና ደህንነት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን እመኛለሁ፤ የእኔ እንቅልፍ ከጠፋ ሰንብቷልና የእርስዎ እንኳ ይትረፍ።

በእርሳስ ማቅለጫው ክፍል አሥራ አራት ዓመት ስሠራ ቢሮዎን አንኳኩቼ አላውቅም። ዛሬም የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ምን ያህል እርሳስ ሰውነታችን ውስጥ እንደገባ ለማወቅ በየሦስት ወሩ ደም ስለሚያስቀዱልን አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት «የሠራተኞቻችን አማካይ ውጤት ከተፈቀደው በታች ነው» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት ሰሌዳው ላይ ስናይ እፎይ ብለን ነበር። በኋላ ግን በአማካዩ ውስጥ የጥበቃዎቹ፣ የጸሐፊዎቹና የአትክልተኛው ደም አብሮ እንደተደመረ ሰማን። ከዚያ ወዲህ የክፍላችን ሴቶች አትክልተኛውን ባዩ ቁጥር «ወንድምዬ፣ አደራ እንዳትታመምብን፤ ጤነኛ የተባልነው በአንተ ደም ነው» ይሉታል።

ሁለተኛ፣ እርሳሱን ያጥባል ተብሎ በየቀኑ ስለሚታደለን ወተት አመሰግናለሁ። ለዕቃ መጠቅለያ በመጣ የመጽሔት ገጽ ላይ ወተት እርሳስን ከደም እንደማያወጣ አንብቤያለሁ፤ ገጹ ግን ግማሹ የተቀደደ ስለነበረ ምናልባት የእርስዎ ሐሳብ በቀረው ግማሽ ላይ ይሆናል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ከምድጃው አጠገብ የምትሠራው ታናሽ እህቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አፏን ብረት ብረት ይላታል፤ የያዘችው ዕቃም ከእጇ ያመልጣታል። ሐኪሟ የደሟን ውጤት ዛሬ ነገ ሳትዪ አምጪ ብሏታል። አራት ጊዜ ወደ ክፍልዎ መጥታ አራት ጊዜም በትሕትና «አማካዩ ተለጥፏልኮ እህት፣ ሰሌዳውን አላየሽም?» ተብላ ተመልሳለች። ክቡር ሆይ፣ እህቴ ያረገዘችው በአማካይ አይደለም። በሆዷ ያለው አንድ ልጅ ነው፤ ከአትክልተኛው ጋር ተደምሮ ለሁለት አይካፈልም።

ስለዚህ የእሷን ቁጥር፣ የእሷን ብቻ፣ ስሟ ባለበት ወረቀት እንዲሰጡን እለምናለሁ። ቁጥሩ እስኪመጣ ድረስ ከነገ ጀምሮ ማቅለጫው ክፍል አትገባም። ቅጣት ካለ በእኔ ስም ይጻፍ፤ የእሷንም ሥራ ደርቤ እሠራለሁ።

ለሚሰጡኝ አፋጣኝ መልስ፣ ለዝምታዎም ጭምር፣ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣

ከአማካዩ በላይ ትሁን በታች እስካሁን ያልተነገራት
ታዛዥ ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በቢሮዎ በር ላይ ለጥፌ ዋናውን በእጅዎ እንዲደርስ ልኬያለሁ። የጻፍኩት በምሳ ሰዓት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ስለሆነ በወረቀቱ ላይ የሚያዩት ግራጫ ብናኝ የክፍላችን ነው። ጉዳት የለውም ብለው ፈርመዋልና እጅዎን መታጠብ አያስፈልግዎትም።