የወባ ልጆችህ ኮሌጅ ወደ ደጋ ሊወጣ ነው

ውድ ካሳዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰው ሁሉ ይለመዳል ይለኛል፤ እኔ ግን እስካሁን ማታ በሩን ከውስጥ ስቆልፍ ያልገባህ እየመሰለኝ እጄ ያመነታል።

ዛሬ የምጽፍልህ ክፉ ወሬ ይዤ ነው። የሐይቅ ዳሩ የእርሻ ኮሌጃችን ሊዘጋ ነው። ሐይቁ በየክረምቱ እየሞላ መማሪያ ክፍሎቹ ድረስ ስለሚገባ፣ ተማሪውም መምህሩም ወደ ደብረ ታቦር እንዲዛወር ተወሰነ። እኔም ቤቱን አስረክቤ እዚያው ደብረ ታቦር ያለችው ልጃችን ዘንድ ልገባ ነው። አንተ ግን እዚህ ትቀራለህ።

ደርግ በወደቀ ማግስት ሲከፈት ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ነው። ሁለት የቆርቆሮ ክፍል፣ ከእህል መጋዘን የተለወጠ ቤተ መጻሕፍት፣ ሐኪም የሚባል የለ። ከጉናና ከገሳይ የመጡት የደጋ ልጆች ወሩ ሳይሞላ ወባ ጣላቸው። መንገዱም በውሃ ተቆርጦ ነበር። ያኔ ነው አንተ፣ የሰብል መምህሩ፣ ሐኪም የሆንከው። ኪኒኑን በጀልባ አስመጣህ፤ አዲስ ገቢዎቹን በዕጣ ለየመምህሩ ቤት ደለደልክ። የታመመ ሁሉ በደረሰው ቤት ተኝቶ እንደ አራስ ይታረሳል። «የወባ ልጆች» አልናቸው። ክሊኒክ ከተሠራ በኋላም ልማዱ አልቀረም፤ በዓል ሲደርስ የወባ ልጅ ሁሉ ወደ ወባ ቤቱ ይመጣ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሐኪሙ አንተ፣ ለፊዋ እኔ ነበርኩ። ሩዝ አንበላም ብለው ሲያስቸግሩ ጉና ካለችው እናቴ ዘንድ በሶ የማስመጣው እኔ። አንተ ግንባራቸውን ዳሰስ ታደርግና «ይሻልሃል» ብለህ ውልቅ ትላለህ። ስንቴ አናደድከኝ! አሁን ያ ንዴት ናፈቀኝ።

ኮሌጁን ዘግቶ ንብረቱን ሊረከብ የመጣው ሹም ማን እንደሆነ ብነግርህ አታምነኝም። አየነው ነው፣ የገሳዩ፣ መጀመሪያ የደረሰን የወባ ልጅ። ጠጉሩ ሸብቷል። ቤቱን ሊያይ ገብቶ፣ ያኔ ሲንቀጠቀጥ የተኛበትን መደብ ሲያይ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «እትዬ፣ በኔ እጅ ባይዘጋ ምን ነበረበት» አለኝ። ቤቱን ጥቂት ወር ላቆይልዎ ብሎም ለመነኝ። እምቢ አልኩት። መቆየቱ መለየቱን አያስቀረውም።

ትናንት ልሰናበትህ መቃብርህ ድረስ መጥቼ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ሣሩን ነቃቅዬ ተመለስኩ። የጻፍኩልህም ለዚህ ነው። የከበደኝ ቤቱ አይደለም፣ አንተን ትቶ መውጣቱ ነው። እግሬ እስከቻለ በየሙት ዓመትህ እወርዳለሁ። ከጎንህ ያለውን ቦታ ለማንም እንዳይሰጡብኝ ቄሱን ለምኛቸዋለሁ፤ ልጃችንንም ደብረ ታቦር እንዳትቀብሪኝ ብያታለሁ። ስምህ ካንደበቴ አይጠፋም፣ ካሳዬ። እስክመጣ ድረስ ግን ብቻህን ነህ፤ ይቅር በለኝ።

እናኑ